ትርፍ ወንበር ለሌለው ሊቀ መንበር

ይድረስ፣ በአሶሳ ለባንክ ኦፊሰሮች ቅጥር ፈተና ኮሚቴ፣ ለተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በቃል ፈተናው ቀን በመልሴ ሲስቁ የያዘዎ ሳል እንደለቀቀዎ፣ እንባዎን የጠረጉበት መሐረብም እንደደረቀ ተስፋ አለኝ። እኔ ተወዳድሬ የወደቅሁት ኡምኩልሱም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ከውጤቱ አጠገብ የለጠፍሁት፣ ስሜን ከዝርዝሩ ግርጌ ሲያነብ የሰነበተው ሕዝብ ምክንያቱንም እንዲያነብ ብዬ ነው።

ስለ ፈተናው አወቃቀር ያለኝ ምስጋና በቁጥር ይቀርባል።

፩ኛ፦ ሒሳቡ ከአርባ የሚታረም ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ጎሹን ያስጠናሁት እኔ ነኝና ከእሱ ሠላሳ አንድ ውስጥም ድርሻ አለኝ። ጎሹ ከወሎ መጥቶ መንደር ዐሥራ ሁለት የሰፈረ መልካም ሰው ነው። አለፈ፣ እሰይ! ቅናት የለብኝም።

፪ኛ፦ ጠቅላላ ዕውቀቱ ከሃያ ነበር፤ ዐሥራ ሦስት አገኘሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያሉትን የባቡር ጣቢያዎች በተራ ዘርዝሩ ተባልን። በኩርሙክ መንገድ ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና እንዴት እንደምናወጣ ቢጠይቁን ኖሮ ኮሚቴው ራሱ ይወድቅ ነበርና፣ አስተዋይነትዎን አደንቃለሁ።

፫ኛ፦ የቃሉ ፈተና ከአርባ ነበር። ደክሞት የመጣ ሽማግሌ ደንበኛ ቢያጋጥምሽ በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቁኝ። በቤቴ የምናገረው በርትኛ ነው፤ አማርኛን የተማርሁት ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ስደነግጥ ወንዱና ሴቱ ይምታታብኛል። «ሽማግሌው ደከመች፤ መጀመሪያ ወንበር እሰጣታለሁ» አልሁ። ኮሚቴው ስቆ ስቆ አራት ሰጠኝ። ማለፊያው ስድሳ ነው፤ ስድስት ነጥብ ጎደለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እሺ ይሁን። ግን ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስሕተቱ ሽማግሌው ላይ ነው ወይስ ወንበሩ ላይ? በእውነት ተናድጃለሁ፤ አልደብቅዎትም።

፬ኛ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጎሹ እያለከለከ ቤቴ ደረሰ። ከመንጌ በእግራቸው የመጡ አንድ አዛውንት ባንኩ መስኮት ፊት ቆመው ኖሯል። አማርኛ አያውቁም፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ያለፉት ሁሉ ደግሞ በርትኛ አያውቁም። «ያችን የወደቀችውን ጥራት» ብለው የላኩትም እርስዎ ነዎት። መጣሁ፣ አስተረጎምሁ። ለአዛውንቱ ወንበር ብፈልግ፣ በባንኩ ያለው እርስዎ የተቀመጡበት ብቻ ሆነ። ሊቀ መንበር የተባሉት ለካ ለዚህ ኖሯል!

እንግዲህ ወይ መልሴን እንደገና ያርሙ፣ ወይ በርትኛ ሲቸግርዎ ደጄን አያስረግጡ። ለመጪው ፈተና እመዘገባለሁ፤ ቢጥሉኝ ለሚቀጥለውም። እርስዎ ጥለው እስኪታክትዎ እኔ ተፈትኜ አይታክተኝም።

በሳቅዎ ያልቀለለች፣ በአራት ነጥብዎ ያልጎደለች፣ ረጅም ዕድሜና አንድ ትርፍ ወንበር የምትመኝልዎ አክባሪዎ፣

ኡምኩልሱም ዐወድ
አሶሳ፣ የካቲት ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ማን ጻፈላት እንዳይሉ፣ በአፌ ያወቁብኝን ያንኑ ስሕተት ሆን ብዬ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፤ በቀይ ቀለም ያስምሩበት። ሽማግሌው ዛሬም ባንክ መጥታ ነበር፤ ዛሬም ቆማ ዋለች።