ይቺስ የማን ናት?

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለኤዛና፤

ከሰኞ ወዲህ እንዴት ሰነበትክ? ትሪ ስትሸከም የሚያምህ ቀኝ ትከሻህ ተሻለህ ወይ? እንቅልፍስ ጠገብክ? «አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ልተኛ» ትል ነበር። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ እትዬ ብርቅታይት ካልበላሁ አይለቁኝም። እውነቱን ንገረኝ ካልክ ግን ፈርቼ ነው የሰነበትኩት፤ አሁንም አልለቀቀኝም። ስልክህን እፈራለሁ። መደርደሪያህን እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ለእማዬ እፈራለሁ፤ ይህን የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

የሆነውን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። ለእኔ የነገሩኝ ሰኞ ጠዋት ቁርስ ልታስተናግድ ወደ ሆቴሉ ስትነዳ፥ ቀይ መብራት የጣሰ ፒክአፕ በአንተ በኩል እንደመታህና ሆስፒታል ሳትደርስ እንዳረፍክ ነው። እኔን ከሒሳብ ክፍል ጠርተው አወጡኝ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የምናያቸው ጋሼ ኃይሉ የካዚኖውን ባጅ ደረታቸው ላይ እንደሰኩ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ።

እማዬ አታውቅም ነበር። ከቬጋስ አሰላ ሄዳ ሴት አያታችንን ስታስታምም ይኸው ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ደም ግፊቷን ደግሞ ታውቀዋለህ። ጋሼ ኃይሉ ሰኞ ዕለት ቤታችን የተሰበሰበውን ሰው ዝም አሰኝተው «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። አጎታችን ሰርፀ ከጅማ ተነስቶ አርብ ማታ አሰላ ይገባል፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይዞ ይነግራታል፤ ከዚያ አውሮፕላን ላይ ያሳፍራታል፤ እሷ ሳትደርስ አንተን አንቀብርም። ሁሉም በዚህ ተስማሙ። ጋሼ ኃይሉ ፖሊስ የመለሰውን ስልክህን እጄ ላይ አስቀመጡና «ይህ እንዳይዘጋ። ከተዘጋ ትጠረጥራለች። ስትጽፍ በአጭሩ መልስላት» አሉኝ። «ጋሼ፥ እኔ ኤዛናን መሆን አልችልም» አልኳቸው። «እስከ ቅዳሜ ነው፤ ቻለው» አሉኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ እንደምንም አለፉ። «በላህ ወይ?» ትላለች፤ «በላሁ» እላለሁ። «ያብስራ ትምህርቱን ያጠናል?» ትላለች፤ «ያጠናል» እላለሁ። ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው እጽፍ ነበር። ደግሞ ሐሙስ እየመጣ ነው። ሐሙስ የእናንተ የዕቃ ቀን ነው።

ይህ የዴንማርክ የሸክላና የመስታወት ዕቃ ፍቅር መቼ እንደጀመረህ አላስታውስም፤ ሆቴሉ ውስጥ ገበታ ስትደረድር ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ በደረስክበት ሁሉ የሠሪውን ምልክት ፍለጋ ሳህን ትገለብጣለህ። በጋሼ ኃይሉ ልጅ በሐሴት ክርስትና ላይ ወጥ ያለበትን ሳህን ሥሩን ለማየት አዘንብለህ ሱሪህን ስታበላሽ፥ እናቷ እትዬ ብርቅታይት «ኤዛና፥ ምግቡ ያለው ከላይ ነው፤ ከታች ምን ትፈልጋለህ?» ያሉህን እስከ ዛሬ ያወሩታል። ትናንትም ለለቅሶ ለመጣው ሰው ማውራት ጀምረው መጨረስ አቃታቸው።

በእረፍትህ ቀን ወደ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ትወስደኝ ነበር፤ ሰው ሞቶ ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ ወደሚሸጥበት። የማናውቀው ሟች ኩሽና ገብተን ቁም ሳጥኑን ስንከፍት አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም። «ተመልከት፥ ሦስት ሞገድ፤ የፋብሪካው ምልክት ነው፥ የዴንማርክ ሦስቱ የባሕር ሰርጦች ናቸው። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ምልክት ደግሞ ሰማያዊውን አበባ በእጁ የሣለው ሰው ምልክት ናት» ትለኛለህ። እኔ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ «እሺ» እልሃለሁ። አልሰማሁህም ኤዛና። ይቅር በለኝ።

እማዬ ግን ትሰማህ ነበር። ከሄደች ወዲህ በየሐሙሱ አዲስ የገዛሃትን ዕቃ ፎቶ አንስተህ ስትልክላት፥ መጀመሪያ የምትጠይቅህ «ይቺስ የማን ናት?» ብላ ነው፤ ልክ የሰፈር ልጅ አባት እንደሚጠየቅ። አብልጣ የምትወደው ከሳክስቦ የሸክላ ሥራ ቤት የወጣችውን ቡናማ ማሰሮ ነው። ቅርጿን ኤቫ ስቴር ኒልሰን፥ የሚያብረቀርቀውን ቅቧን ናታሊ ክሬብስ እንዳወጡላት ስትነግራት «እንግዲያውስ ሁለት እናት አላት» ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ እኔም ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ትናንት ጠዋት እንግዶቹ ሳሎን ቁርስ ሲቀርብላቸው ስልክህ ጮኸ። «ሐሙስ አይደለም እንዴ? ምነው ዕቃዬ ዘገየች?» ይላል። መኝታ ቤታችን ገብቼ መደርደሪያህ ፊት ቆምኩ። መንካት ፈራሁ። አንዷን ብሰብር የሚተካት የለም፤ ጭነት መኪና በመንገዱ ሲያልፍ መስታወቶቹ እርስ በርስ ሲንሿሹ እንኳ ትንፋሼን እይዛለሁ። ስለዚህ ያቺን ጭስ የመሰለች የመስታወት ሳህን ካለችበት ሳላነቃንቃት ፎቶ አንስቼ «የያኮብ ባንግ ናት» ብዬ ላክሁ። ከመስታወት ሠሪዎቹ አፌ ላይ የመጣው ስም እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ «ይቺንማ በየካቲት አሳይተኸኛል። የፔር ሉትከን ናት ብለህ፥ ገልብጠህ፥ ሥሯ ላይ የተቀረጸውን ምልክቱን አሳይተኸኛል። ዛሬ ምነው ሳትገለብጣት?» ብላ ጻፈች። «ደክሞኝ ነው» አልኩ። «እስቲ ድምፅህን አሰማኝ» አለች። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩ። ወዲያው የእኔ ስልክ ጮኸ፤ እሷ ናት። አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ ጮኸ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሽተኛ አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ከስልክ ብትሰማው እሷም ትወድቃለች፤ ያኔ እኔ ማንም የለኝም። ጋሼ ኃይሉ በሩን አንኳኩተው «አንድ ቀን ነው የቀረው ልጄ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለህበት አባዬን ካገኘኸው ሰላም በልልኝ፤ በቁመት እንደበለጥኩት ንገረው። አያታችንን ጋሽ ማኑንም እጅ ንሳልኝ። ጋሼ ኃይሉ «ሳልሰናበተው» እያሉ ያዝናሉ። እትዬ ብርቅታይት ሸሚዞችህን አጥበው ተኩሰዋል። ትንሿ ሐሴት ሳህን የሚገለብጠው ልጅ የት ሄደ ብላ ጠይቃኛለች፤ እሷም ሰላም ብላሃለች።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ጋሼ ኃይሉና እትዬ ብርቅታይት ሺፍት ስለነበራቸው «እስከ ቀትር እንመለሳለን» ብለው ወጥተዋል። ወደ አልጋህ ሳልዞር ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ስልክህን ሳየው መልእክት ገብቷል። «ያብስራዬ» ብሎ ይጀምራል። በአንተ ስልክ፥ ለእኔ። «ኤዛና ዕቃ ሳይገለብጥ አይልክልኝም። ወንድምህ የት ነው?»

ለአጎታችን ለሰርፀ ደወልኩ። እዚያ ሊመሽ ነው፤ አዳማ ደርሷል። «አንተ እንዳትነግራት። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው የቀረኝ፤ ጎህ አልጠብቅም፥ ሽማግሌዎቹን አሁኑኑ አስጠራለሁ» አለኝ። ሁለት ሰዓት። ዝም ብላት ብቻዋን ከሐሳቧ ጋር ትቀመጣለች፤ ብደውልላት ትጠይቀኛለች። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከዚያ በራሴ ስልክ ደወልኩላት።

ወዲያው አነሳችው። «እማዬ» አልኩ። «አንተ አትንገረኝ» አለች። «ይህ የልጅ ሥራ አይደለም። የሚነግረኝ ሰው ይመጣል። ብቻ ስልኩን አትዝጋብኝ።» አልዘጋም አልኳት። «መደርደሪያው ፊት ነህ?» አለች። ሄጄ ቆምኩና አዎ አልኳት። «ከላይ ጀምር። ይቺስ የማን ናት?»

የመጀመሪያዋን ስኒ በሁለት እጄ አንስቼ ገለበጥኳት። ሦስት ሞገድ አለ፤ አጠገቡም ትንሽ ሰማያዊ ምልክት። «የሣለውን ሰው ስም አላውቀውም» አልኳት። «እሱም አያውቀውም ነበር። ቀጥል» አለች። ቀጠልኩ። ስሳሳት ታርመኛለች። አንዳንዴ ድምፅዋ ይጠፋል፤ እስክትመለስ እጠብቃታለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ በእሷ በኩል የውጭው በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የብዙ ሰው እግር፥ የአጎታችን የሰርፀ ሳል። «መጡ» አለች። ስልኩን አልዘጋችውም። እኔም ዕቃውን እንደያዝኩ ቆሜ አልዘጋሁትም።

ታናሽ ወንድምህ ያብስራ
ዊንቸስተር፥ ላስ ቬጋስ
አርብ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.