መብራት የጠፋበት የቶጎጫሌ ካሴት

እኔ አድማሱ ወልደአማኑኤል፣ የጅግጅጋ ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህርና የቀድሞው የጀረር ሮክ ባንድ ጊታር ተጫዋች፣ ኩላሊቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ፈቃዴን ተናግሬ አስጽፌአለሁ። ከዚህ በፊት ያደረግሁት ኑዛዜ ቢኖር ተሽሯል።

አንደኛ፤ ቤቱና በውስጡ ያለው ዕቃ የባለቤቴ የወይዘሮ ሙሉመቤት ነው። ቁምሳጥኗን ካሴት ሞልቶባት ልብሷን በሻንጣ ስታኖር ዘመኗን ጨርሳለችና ማንም አይከራከራት።

ሁለተኛ፤ ባንዳችን አዲስ አበባ ሄዶ በስቱዲዮ የቀረጻቸው የሁለቱ አልበሞች ዋና ቅጂ ለልጄ ለተሜ ይሰጥ። ቢፈልግ ያሳትመው፣ ቢፈልግ ይሽጠው። በመጀመሪያው አልበም የሚዘፍነው ወዳጄ ዐብዲወሃብ ሺሬ ነው። የመስታወት ክፍል አስገብተው ማዳመጫ ሲያደርጉለት «ሰው በሌለበት ለማን ልዝፈን?» ብሎ ነበር። ዘፈነ፤ ድምፁም ጠራ፤ ግን እርሱን አይመስልም። ለሁለተኛው አልበም ስቱዲዮ አልገባም ስላለ ባልደረቦቼ ሌላ ዘፋኝ አመጡ። እኔ ተቃውሜ ነበር፤ የሰማኝ አልነበረም። እርሱ ግን መቃወሜን ሳይጠይቅ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ሀርጌሳ ገባ። በዚህ ተቀይሜዋለሁ፤ ቅያሜውም እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የስልክ ቁጥሩ እህቱ ነስራ ዘንድ እንዳለ እያወቅሁ ኩርፊያ ይዞኝ አልደወልሁለትም።

ሦስተኛ፤ በመድረክ ከተቀዱት ሁሉ የምሳሳለት በድንበር ከተማዋ በቶጎጫሌ ያቀረብነው ኮንሰርት ካሴት ነው። በዘፈኑ መሃል ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ አለ። ማይክራፎኑ ጠፋ፣ ጊታሬም ድዳ ሆነ። የምንቀዳበት ቴፕ ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራ ስለነበር መቅዳቱን ቀጠለ። ዐብዲወሃብም ቀጠለ። የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ሻይ ሻጯ፣ ልብስ ነጋዴው ሁሉ ተቀበለው። እኔ የምጫወተው ሳጣ አጨበጨብሁ። «ሳሂብ፣ ወዳጄ፣ ጠጋ በል» ሲለኝ ይሰማል። እዚያ ላይ ስደርስ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደማጠነጥነው ሙሉመቤት ታውቃለች።

ተሜ ይህን ካሴት ላጽዳው፣ የሰዉን ጫጫታ ላውጣለት ብሎኝ ነበር። ልጄ፣ እሱ ከወጣ ምን ሊቀር ነው? አይነካ። ካሴቱ የዐብዲወሃብ ነው። ነገር ግን በሚኒባስ ሾፌር እጅ አይላክለት፤ በስልክም ተቀድቶ አይላክለት። ራሱ መጥቶ ይውሰድ።

አራተኛ፤ ኑዛዜ የሚነበበው ተናዛዡ ከተቀበረ በኋላ ነው። ይህ ወግ ለእኔ አይሆነኝም። ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለው ቃሌ ዛሬውኑ በስልክ ይነበብለት። በሕይወት ሳለሁ ከደረሰ አብረን እንሰማዋለን። ተራራ ከተራራ አይገናኝም እንጂ ሰው ከሰው ይገናኛል ይባላል፤ ቢሆንም ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ አልሰጡኝም። ዐብዲወሃብ፣ ናፍቀኸኛል። ና።

የምስክሮች ቃል፤ ከላይ የሰፈረው ተናዛዡ እንደተናገረው ተጽፎ በእርሱና በአራታችን ፊት ተነብቧል። በታዘዘውም መሠረት በነስራ ስልክ ለዐብዲወሃብ ተነብቦለታል። የመጨረሻው መስመር እንዲደገምለት ጠየቀ፤ ደገምንለት። ከዚያም «ጊታሩን ይቃኝ በሉት፤ ድሮም ሳይቃኝ ነው መድረክ የሚወጣው» አለ። ተናዛዡ ይህን ሲሰማ፣ ከመፈረሙ በፊት ጊታሩን አምጡልኝ አለ።

ተናዛዥ፦ አድማሱ ወልደአማኑኤል (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ነስራ ሺሬ (ፊርማ)፣ ዐያንሌ ዐብዲወሊ (ፊርማ)፣ ሱዕዲ ዐብዲወሊ (ፊርማ)፣ ፅዮን ከተማ (ፊርማ)