«ምትኬ ጠፍቷል» ስላለሽ ስልክ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽና ቀን ሥራ ላይ ማታ ማዕድ ላይ ለማስብሽ ለእማዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ሳትይዢ ትወጫለሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ዓይንሽ ፊደል ይለቅማል ወይስ ዛሬም መነጽሩን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ቤቱን ሁሉ ትፈልጊዋለሽ? አባዬስ፣ እህቴስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ አንድ ራስ፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ቀኑን ሙሉ ተለቅሶለት የነበረ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል አጥብቆ መናገር አለበት ብዬ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ እምቢ አልሽኝ። በእህቴ ስልክ ስደውል ስለ ጤናና ስለ ምግብ እስክንጨርስ ትሰሚኛለሽ፤ ወሬውን ወደዚያኛው፣ ወደተጣላሽው ስልክሽ ዘወር ሳደርገው ግን «ስለ ሟርተኛው ከሆነ አልሰማም» ብለሽ ለእህቴ ታቀብያታለሽ። እሷም «እማዬ ወጣች» ትለኛለች፤ አጠገቧ ቆመሽ ስትተነፍሺ ይሰማኛል። ደብዳቤ ግን መሀል ላይ አይዘጋም። ተናደሽ ብትጥይው እንኳ መልሰሽ ታነሺዋለሽ፤ የልጅሽ ጽሕፈት መሬት ላይ ሲወድቅ አያስችልሽም። ፊደሎቹን ትልልቅ ያደረግኳቸው ራስሽ እንድታነቢው ነው። እህቴ ስታነብልሽ እየዘለለች ነው።

የዚያን ቀን የሆነውን ሁሉ ነግራኛለች። ልብስ አጥበሽ ጨርሰሽ፣ እጅሽን አደራርቀሽ፣ ስልኩ ብልጭ ሲል መነጽርሽን አድርገሽ አነሳሽው። ፊደል በፊደል ለቀምሽ፤ «ምትኬ ጠፍቷል» ይላል። ከጎልማሶች ትምህርት የተመረቅሽ ጊዜ በማንበብሽ ስንት ኮርተን ነበር! ባታነቢ ኖሮ ያን ቀን አንዲት ዘለላ እንባ ባልፈሰሰች። ጮኸሽ፣ ጎረቤት ወጣ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ «አዎ፣ ጠፍቷል ነው የሚለው» ብሎ አረጋገጠልሽ። ባለ ወፍጮዋማ «ስልክ ከተናገረ አጣርቶ ነው» አለች አሉ። እኔ ዘንድ ቢደወል አላነሣ አልኩ፤ ሱቃችን ውስጥ የሠራተኛ ስልክ ጠዋት ተሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ የደንበኛ ስልክ ስንፈታ ከራሳችን ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ማታ ስልኬን ተቀብዬ «ሄሎ» ስል የሰማሁት እልልታና ለቅሶ በአንድ ላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ስድብሽ መጣ። አንቺ ስልኩን ስትሰድቢ እኔ ደጅ ቆሜ እንባዬን እጠርግ ነበር፤ ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚለቀስለት መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

እማዬ፣ ስልኩ ስለ እኔ አላወራም። ቋንቋውን አማርኛ ያደረግኩልሽ እኔ ነኝ፤ ይመቻት ብዬ በገዛ እጄ ሟርት አስተማርኩት። በእነሱ አማርኛ «ምትኬ» የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ስልክሽ ውስጥ ያለው ፎቶ፣ ድምፅ፣ የሰው ቁጥር ሁሉ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ ሲቀመጥለት ያ ቅጂ ምትኬ ይባላል። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢገባበት ከዚያ ይመለሳል። «ጠፍቷል» ያለውም መብራት ጠፍቷል እንደምንለው ነው እንጂ ሰው ጠፍቷል እንደምንለው አይደለም። ሊልሽ የፈለገው «የያዝኩት ሁሉ ያለው እኔው ጋ ብቻ ነው፤ እኔ ከወደቅኩ ሁሉም አብሮኝ ወደቀ» ነው። እንደ ደግ ጎረቤት ሊያስጠነቅቅሽ መጥቶ አፉን ስላላወቀበት ተሰደበ።

ስለ ሥራዬ ደግሞ ልንገርሽ፤ ከጉዳዩ አልወጣሁም፣ ትደርሽበታለሽ። አለቃዬን ከኋላቸው «ጋሽ ብሎን» ነው የምንላቸው። ዕቃ ሲፈቱ ብሎኖቹን ሁሉ በከንፈራቸው ይዘው ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት በአፍንጫቸው ነው። ሥራው ደርቷል። ድሮ ኮምፒውተር የቢሮና የባለጸጋ ቤት ዕቃ ነበር፤ አሁን መሥሪያ ቤቶች ያረጀባቸውን በካርቶን ሲያወጡ ጋሽ ብሎን ይሰበስቡታል፣ አቧራውን እናራግፋለን፣ ሜሞሪ እንጨምርለታለን፣ ዲስኩን በፈጣን እንለውጥለታለን፣ ተማሪውም ልብስ ሰፊዋም እየገዙ ይሄዳሉ። ስማርት ስልኩም ረክሷል። ከኋላው ሦስት ካሜራ ያለው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ሁለቱ ካሜራዎች ለጌጥ ናቸው፣ ግን ለደንበኛ አንናገርም። ሰው የካሜራውን ብዛት ይጠይቃል፣ የመስታወቱን ስፋት ይጠይቃል። ያኖርኩት ነገር ቢጠፋ ከየት አገኘዋለሁ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። የሚጠይቀው ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

በቀደም ሠርግ የሚቀርጽ ደንበኛችን ላፕቶፑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ መጣ። ዲስኩ ሞቷል። የአንዲት ሙሽሪት ሠርግ ከነጭፈራው እዚያ ውስጥ ነበር፣ ሌላ የትም የለም። ጋሽ ብሎን ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ፤ ይህን ካደረጉ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። «ምትኬ የለህም?» አሉት። እኔ ከጓዳ «አቤት!» ብዬ ብቅ አልኩ። ሰውየው በዚያ ሐዘኑ ላይ ሳቁ አመለጠው። በኋላ ሙሽሮቹን ልብሱን ተከራይቼ ላምጣና እንደገና ተጋቡልኝ ብሎ ለመናቸው፤ ሙሽራው «አንዴ የተጋባሁት ይበቃኛል» ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ብሎን መስታወቱ ላይ «ምትኬ እዚህ አለ» ብለው አስጻፉና የሰዉን ፎቶና ሰነድ እየገለበጡ የማስቀመጡን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። «ስምህ ነው፣ ከማን ጋር ልከራከር» አሉ። የራሴ ጠረጴዛም ተሰጠኝ። ሰው በሩን ከፍቶ «ምትኬ አለ?» ሲል የሚፈልገው እኔን ይሁን ቅጂውን ሳናውቅ ሁላችንም «አለ» እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያንን ሟርተኛ ከልብስ ሳጥንሽ ውስጥ አውጪው። ቁልፉን መቀነትሽ ላይ እንደቋጠርሽው አውቃለሁ። አውጪው የምልሽ ለእኔ ብዬ አይደለም፤ ለፊተኛው ልጅሽ ብዬ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅሽ ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፣ ግድግዳው ላይ። በክረምቱ ጣሪያው ሲያፈስ ውሃው ማዕቀፉ ውስጥ ገብቶ አላሸቀው። እህቴ «ፊቱ ሄዷል፣ አንድ ጆሮና የሸሚዙ ኮሌታ ነው የቀረው» አለችኝ። አንቺ ግን ስልኩ የደረሰሽ ሰሞን ፎቶ ማንሣት ስትለማመጂ መጀመሪያ የራስሽን እግር፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ልጅሽን አንሥተሽዋል። እንግዲህ ፊቱ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንቺ የተጣላሽው ስልክ ውስጥ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ደግሞ ይህ ነው። ያንን ስልክ የላክሁልሽ ከአንድ ካርቶን ከመጡት መርጬ ነው። ያን ጊዜ ደህና ነበሩ። ሰሞኑን ግን ወንድሞቹ እየተመለሱ ነው። ሲከፈቱ የፋብሪካውን ምልክት ያሳያሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይራመዱም፤ የያዙት ሁሉ አብሮ ይቀራል። ትናንት አንዱን ስፈታ ብሎኑን ሁለቴ ጣልኩት። ጋሽ ብሎን «ምን ሆንክ?» አሉኝ፤ ምንም አልኳቸው። ባትሪም ቢሆን እንደ ሰው አይደለም፣ ሲርበው ያብጣል። ተዘግቶ በከረመ ቁጥር ይብስበታል። እፈራለሁ እማዬ። ያንቺ እንደ ወንድሞቹ ከመሆኑ በፊት እንድንደርስለት ነው የምለምንሽ። እስካሁን ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከካርቶኑ ውስጥ ዛሬም ድረስ ደህና የሚሠሩ አሉ።

እህቴ ቅጂው ደመና ላይ ነው የሚቀመጠው ብትልሽ «ፎቶዬን ያበላሸብኝ ማን ሆነና ነው ለደመና የምሰጠው?» አልሽ አሉ። ይህን ለጋሽ ብሎን ስነግራቸው በሳቅ አንዱን ብሎን ሊውጡት ምንም አልቀራቸውም። እውነትሽን ነው፣ ስሙን ያወጣው ሰው ጣሪያ አፍስሶበት አያውቅም። ግን ደመና ይበሉት እንጂ ከሰማይ ጋር አይገናኝም። መሬት ላይ ያለ ትልቅ ቤት ነው፣ ውስጡ ኮምፒውተር ብቻ የተደረደረበት፣ ቀን ከሌት የሚጠበቅ። የምትልኪው በኢንተርኔት ሄዶ እዚያ ያርፋል፣ እኔ ደግሞ ካለሁበት ሆኜ ልከፍተው እችላለሁ። ቢሆንም እኔም እንዳንቺ ለደመና ብቻ አላምነውም። ኮምፒውተር ገዝቻለሁ! እልል በይ። ያገለገለ ነው፣ ጥጉ ተላልጧል፣ የ«ነ» ቁልፍ ስለወለቀ እሷን ስፈልግ በክብሪት እንጨት ነው የምጫነው፤ ግን የራሴ ነው፣ ደግሞም ይፈጥናል። ፎቶው ሲደርስ አንድ እዚያ ላይ፣ አንድ ደግሞ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በደንብ በሚታተምበት ቤት አሳትሜ፣ መስታወት አስገብቼ እልክልሻለሁ፤ ከሚያፈሰው ጥግ ግን አርቃችሁ ስቀሉት።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ስልኩን አውጪና ቻርጅ ላይ ይሁን። ጀርባው ካበጠ ግን አትሰኪው፣ እህቴ ትደውልልኝ። ካላበጠ ቶሎ አትክፈቺው፣ ትንሽ ይጥገብ። እህቴ ከስልኳ ኢንተርኔት ትልቀቅልሽ። ሲከፈት እንደ ልማዱ «ምትኬ ጠፍቷል» ይልሻል፤ አትደንግጪ፣ ጎረቤትም አትጥሪ። ከሥሩ «አብራ» የሚል አለ፣ እሱን በጣትሽ ንኪው። «አጥፋ» የሚል ካየሽ ግን በስሜ ይዤሻለሁ፣ እንዳትነኪው። አባዬ እኔ ልጫን ቢል አትፍቀጂለት፤ ሬዲዮኑን አስተካክላለሁ ብሎ ምን እንዳደረገው ታውቂያለሽ። ጊዜ ይወስዳል፣ ሥራሽን እየሠራሽ ተይው። የእግርሽና የወንበሩ ፎቶም አብረው ይምጡልኝ፣ አልጠላቸውም።

ልጅ ሆኜ ስሜን አልወደውም ነበር። በትምህርት ቤት መዝገብ ሌላ ስም አለኝ፣ አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ በእሱ ጠርተሽኝ አታውቂም፤ ምትኬ ነኝ። የሰው ቦታ ተቀምጬ የማድግ ይመስለኝ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ልጅ ተነሥ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ፊቱን አያለሁ። ምትኬ የሚፈልግ ሰው የፊተኛውን ሊረሳ የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ እንዳይጠፋበት የሚሳሳ ሰው ነው። አንቺም ስሙን ስታወጪልኝ እንዲያ ብለሽ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሁን ሲጠሩኝ ደስ ብሎኝ ነው አቤት የምለው።

ለአባዬ ጉልበቱን ስሜልሃለሁ በይልኝ፤ ሬዲዮኑን ለእረፍት ስመጣ አይለታለሁ፣ እስከዚያ ብሎኖቹን እንዳይጥል። ለእህቴ፣ በሁለታችን መካከል እየተመላለሰች ለደከመችው፣ ጆሮ ላይ የሚሰካ መስሚያ ከሰው ጋር ልኬላታለሁ፤ ስንነጋገር ግን እንዳትሰማበት። ቀኑን ሙሉ ለለቀሱልኝ ጎረቤቶች የእንባቸውን ያህል ዕድሜ ይስጣቸው በይልኝ፤ ባለ ወፍጮዋን ደግሞ «አጣርቶ ነው» ያልሽለት ስልክ ይቅርታ ይጠይቅሻል በያት። አንቺን ዓይንሽን፣ ግንባርሽን፣ ስልኩን የምትነኪበትን ጣትሽን ስሜያለሁ።

አንድ ሰው ቀረኝ። የፊተኛው ልጅሽንም ሰላም ልበል ብዬ ብዕሬን ሳነሣ ቆመብኝ። ስሙን አላውቀውም እማዬ። አንቺ ጠርተሽው፣ አባዬም ጠርቶት ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም እንዳላስለቅስሽ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ፎቶው የሚገባበትን ቦታ ኮምፒውተሬ ላይ ሳዘጋጅ ስም ስጠው አለኝ። «የፊተኛው» ብዬ ጻፍኩና መልሼ አጠፋሁት፤ እሱ ተራ ነው እንጂ ስም አይደለም። አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለም፣ አነበዋለሁ። እስኪደርሰኝ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ልጅሽ፣ የእሱም ታናሽ ወንድም፣
ምትኬ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ ሥር
ጥቅምት ፲፩ ቀን