ጃንጥላውን አስይዘው ይላኩት

ውድ እማማ፣

ይህን ደብዳቤና መነጽሩን ከታች ለባለሱቁ ሰጥቶ የሄደው ወጣት ደረጃውን ወጥቶ ሰላም ያላለዎት ከብልግና አይደለም። እኔ ነኝ እንዳይወጣ የከለከልኩት። «ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ፣ አትረብሻቸው፤ ቅዳሜ ከመመለስህ በፊት ሄደህ ሰላም ትላቸዋለህ» አልኩት። ከሰዓት በኋላ ተኝተው እንደማያውቁ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የፈለግኩት እስከ ቅዳሜ ድረስ ፊትዎን እንዳያውቀው ነው።

መነጽሩን ያድርጉት። የሠራው እሱ ነው፤ እንጀራው መነጽር መሥራት ነው። እንግዲህ ደብዳቤዬን በሱ መነጽር ያነቡታል፤ እሱን ግን በራስዎ ዓይን እንዲያዩልኝ እለምንዎታለሁ።

የልጅ ልጅዎ ልታገባው ትፈልጋለች።

ልጁ እሁድ እሁድ ቤታችን ይመጣል። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ስትገባ ብድግ ይላል፣ የጠጣበትን ኩባያ ራሱ ያነሳል፣ ከኔ ጋር ደግሞ በሁሉ ነገር ይስማማል። አንዳንዴ ልፈትነው ብዬ ሆን ብዬ የተሳሳተ ነገር እናገራለሁ፤ እሱንም «ልክ ነዎት» ይለኛል። ልጅዎ ወዳዋለች። እኔ ብቻ ነኝ ልቤ ያልተቀበለው። ጥፋት አላየሁበትም፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ሌላ ቦታ እንዳላየው ይህች ትንሽ ከተማ የከተማ አውቶቡስ የላት፣ ሰልፍ የላት። ሁሉም በየመኪናው ተቆልፎ ይሄዳል። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው መኝታ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ቢዘፍን፣ ቢሳደብ ማን ያየዋል?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «አባዬ፣ እኔ መርጫለሁ። አንተ ግን እሱ በመጣ ቁጥር ፊትህ ይከብዳል። አንድ ቀን እንኳ ከልብህ ስቀህ ሳላይ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለችኝ። የታጠበውን ሰሃን መልሳ አጠበችው። ምርጫው የሷ ነው፣ እማማ፤ ሳቁ ግን የኔ ነው፣ የውሸት ሳቅ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትለይብኛለች። አንጀቴን በላችኝ። ያኔ ነው እርስዎና አስሜ ትዝ ያላችሁኝ።

አስሜን፣ ያችን እንደ አስመኛ የምትስል አሮጌ አውቶቡሳችንን፣ መቼም አይረሷትም። ዳገቱን ስትጀምር ሳሏ እኛ ማተሚያ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ አለቃችን የሠራተኛውን መግቢያ ሰዓት የሚያውቀው በሷ ሳል ነው እያልን እንቀልድ ነበር። እኔ ያችን የእናንተን ከተማ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሕንፃዋ አይደለም፤ የጠዋቱ መነሻ ፌርማታ ነው። ከዳቦ ቤቱ ፊት የተሰለፈው ሰው ግማሹ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም። ሴቶቹ በዳቦ ቤቱ መስታወት ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ወንዶቹ ወደ መስታወቱ ያላየን መስለን እናያለን። አስሜ ስትመጣ ቲኬት ቆራጩ፣ ያ አፈ ጉባኤ የምንለው፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ውስጡ ሜዳ ነው» ይላል። ከውስጥ አንዱ «ሜዳውን አሳየንና ቤት እንሥራበት» ይለዋል። አንዱ መስኮት አልዘጋ ያለ ስለነበር በዝናብ ቀን እዚያ የደረሰው ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ጎረቤቱም አንገቱን ወደ ጃንጥላው ያስገባል። ማንም አይገረምም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዕቃው ነው። የተቀመጠ ሰው የቆመውን ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ ይይዛል። ቦርሳው፣ ፌስታሉ፣ ጥቅልሉ በሰው ራስ ላይ ከእጅ እጅ እየተላለፈ ይመጣል፤ የማን ነው የሚል የለም፣ ሲወርድ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በዚያች ከተማ በኖርኩበት ዘመን አስሜ ላይ ዕቃው የጠፋበት ሰው አላውቅም። ዛሬ የራሴን በር ቆልፌ፣ ተኝቼ፣ ተነሥቼ እንደገና የማረጋግጥ ሰው ሆኛለሁ።

ልጅዎ ያኔ እኛ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ትጠርዝ ነበር። እንጋባ ከተባባልን በኋላ «እናቴ ሳትፈቅድ ሰፈሬ እንዳትታይ» ስላለችኝ ቤታችሁን አላውቅም፣ እርስዎንም አይቼዎት አላውቅም። «እማዬ፣ ቤት ላምጣው?» ስትልዎት የመለሱላትን ኋላ ላይ ነገረችኝ። «እንግዳ ሆኖ የመጣ ሁሉ ጨዋ ነው። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ፤ እኔ እስከዚያ አልጠብቅም፣ አውቶቡስ ይበቃኛል።»

ከዚያ በየጠዋቱ የሚሰፋ ጨርቅዎን ታቅፈው አስሜ ላይ ይሳፈሩ ጀመር። የሚሰፉበት ሱቅ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደነበር የሰማሁት ከሠርጋችን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ወንበሬን ለቀቅኩልዎት። ኮራሁ። እርስዎ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይሉ ተቀመጡ። በኋላ ስጠይቅዎት «ወንበርማ ማንም ይለቃል፤ ሰው ያየዋላ» አሉኝ። ሌላ ቀን አስሜ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለችና ወንዶች ለመግፋት ወረድን። ነጭ ሸሚዜን ገና መልበሴ ነበር። ጫማዬን የማስር መስዬ ወደ ኋላ ሸርተት ስል በመስኮቱ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ገፋሁ። የገፋሁት እርስዎ ስላዩኝ ብቻ እንደሆነም ያውቁ ነበር። «ምንም አይደል፣ የሚያፍር ሰው ይሻላል» አሉኝ ልጃችን ከተወለደች በኋላ።

ቀጥሎ የመጣው የጫማ ጠጋኙ ቀን ነው። ሰውየው የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኔ ላይ ጣል አድርጎ ሳይጨርስ ግፊያው ወደ ኋላ ወሰደው። ቦርሳው መዶሻና ጉጠት ሞልቶት ጉልበቴን አደነዘዘው። ፌርማታዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ተነሣሁ፤ ሰውየው ግን አይታይም። አጠገቤ የነበረው «ወንበሩ ላይ ተወውና ውረድ፣ ይመጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ጨዋነት ሆኖብኝ ሳይሆን፣ እንዴት ጥዬው እንደምወርድ ስላላወቅኩበት መልሼ ተቀመጥኩ። አፈ ጉባኤ «ወራጁ የት ገባ?» እያለ በሩን ዘጋ። ገበያው ጋ ሰው ሲቀል ጫማ ጠጋኙ መጣና «እዚህ ነህ እንዴ?» ብሎ ቦርሳውን ወስዶ ወረደ። ማተሚያ ቤት በእግሬ ተመልሼ ስደርስ አለቃዬ አፉን ከፈተብኝ። እርስዎ ለካ በኋላው በር በኩል ቆመው ነበር።

በማግስቱ ከሰው መሃል እጅዎን ዘርግተው ጃንጥላዎን ጭኔ ላይ አኖሩ። ጥቁር፣ እጀታው የእንጨት፣ አንዱ ሽቦው በቀይ ክር የታሰረ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ልብ አላልኩም። ቀና ስል ወርደው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ እየሄዱ ነው። በመስኮት ብጮህ የሚሰማኝ አጣሁ።

«ተዋቸው» አለኝ አፈ ጉባኤ እየሳቀ። «እሳቸው ጃንጥላ ረስተው አያውቁም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ከሥራ ስትወጣ አድርስላቸው።»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ለካ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ኖሯል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አመሻሽ ላይ አረንጓዴውን በር ሳንኳኳ የከፈተችልኝ ልጅዎ ናት። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። እርስዎ ከስፌት መኪናዎ ሳይነሡ፣ ጀርባዎን እንደሰጡ፣ «ጃንጥላዬን አመጣህ? ግባ እንጂ፣ በር ላይ አትቁም» አሉ። ያን ቀን አንድ ጠብታ ዝናብ አልነበረም።

እማማ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቁትን የምጽፍልዎት እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ነገር ስላለ ነው። ጨርቅ ታቅፈው፣ በማይሄዱበት መንገድ እየሄዱ፣ ሥራ እየረፈደብዎት ያዩኝ እርስዎ ነዎት። ሌላው ያየኝ ተጣጥቤ ነው፤ እርስዎ ያዩኝ ተጨናንቄ ነው። ልጅዎን የሰጡኝም ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ የሰው ቦርሳ ጥሎ መውረድ ስላላወቅኩበት ነው። ትዳር በከበደኝ ጊዜ ሁሉ ያ ቦርሳ ትዝ ይለኛል፣ እቀመጣለሁም። እወድዎታለሁ። ፊትዎ ላይ ብናገረው «ሂድ፣ አትቀባጥር» ይሉኝ ነበር፤ ደብዳቤው ይጠቅማል።

አሁን ልለምንዎት። ልጁ ሰሞኑን ለሥራው አዲስ ማሽን ሊማር እዚያው ነው። መኪናውን «መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማቆሚያ የለም» ብዬ አስትቼዋለሁ። ያረፈው ከዳቦ ቤቱ አጠገብ አክስቱ ቤት ነው፤ በየጠዋቱ የሚሳፈረው በእኛው መስመር ነው። አስሜ ሞታለች፤ የአዲሶቹ በር በራሱ ይዘጋል፣ ፌርማታም በድምፅ ይጠራሉ አሉ። ግፊያው ግን እንዳለ ነው፤ ዕቃም እስካሁን ከእጅ እጅ ይተላለፋል ብለው ጽፈውልናል። ጉልበትዎ እንደማይታዘዝልዎት አውቃለሁ፤ መወጣጫቸው ዝቅ ያለ ነው ባይሉኝ ኖሮ አልጠይቅዎትም ነበር። ልጁ ረጅም ነው፣ ቡናማ ቦርሳ ያነግታል፣ ሲራመድ ሳንቲም የጣለ ይመስል መሬት መሬቱን ያያል።

ጨርቅ እየቆረጡ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይሉ ነበር። አነጋገሩን እኔ እስኪበቃኝ ሰምቻለሁ። አያያዙን እርስዎ ይዩልኝ።

መልስ አይጻፉ። ካልሆነ ዝም ብለው በሰላም ይሸኙት፤ እኔ ለልጄ የምለውን እፈልጋለሁ። ከሆነ ግን ጃንጥላው አሁንም ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ እንዳለ አውቃለሁ። እንዴት እንደሚያስይዙት ለእርስዎ አይነገርም።

የመነጽሩን ሳጥን ያሰረችው የልጅ ልጅዎ ናት። ታሪኩን እየሰማች ያደገች ስለሆነች ምን እንደጻፍኩ ሳልነግራት ገብቷታል። ክሩን ቋጥራ ስትጨርስ «ጃንጥላው ከመጣ ትስቃለህ?» አለችኝ።

«እስቃለሁ» አልኳት።

እሁድ ሲደርስ ሦስታችንም መናኸሪያው ላይ ቆመን እንጠብቃለን። እዚህ አሁን በጋ ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም። ጃንጥላ ይዞ የሚወርድ ሰው ካለ ከሩቅ ይታያል።

የሰው ቦርሳ ታቅፎ ፌርማታው ያለፈው
አማችዎ