መሬትን ኩታ ያለበሱት የአቶ ደስታው ሰውመሆን የሕይወት ታሪክ

ሰኔ 12 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ጎረቤታችን አቶ ባየህ አንለይ በሰው ሁሉ ፊት «ደስታው ላሞቹን ጦም አሳድሮ መሬትን ኩታ ያለብሳል አሉ!» ብለው ታላቅ ወንድሜን ሰደቡ። እኔንም «ገለባ ተሸካሚው» ብለውኛል። ሰው ሳቀ። ወንድሜ የያዙትን ጠላ ጨርሰው፣ ምንም ሳይመልሱ ወጡ። የሕይወት ታሪክ በልደት እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ይህ ሳይነገር አይለፍ ብዬ ነው።

አቶ ደስታው ከአባታቸው ከአቶ ሰውመሆን ታደለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብረወርቅ መባ በፎገራ ሜዳ፣ ወረታ አጠገብ፣ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት ደግመዋል፤ እስከ ስድስተኛ ክፍልም ተምረዋል። በ1975 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርሲት ባምላክን አግብተው ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ኋላ የጌሾና የማንጎ ችግኝ ማፍላት ያዙ። ክረምት ሲገባ አረሙ ከችግኙ ቀድሞ ይነሣል። ወይዘሮ ትርሲት ጎንበስ እንዳሉ ከርመው ወገባቸው አልቀና አለ። ወንድሜን ያንገበገባቸው ይህ ነው። አረሙ ፀሐይ እንዳያገኝ ብለው በችግኙ መካከል ያለውን መሬት ለላሞቹ መኖ የሚሆነውን የሩዝ ገለባ አለበሱት፤ ተሸካሚውም እኔ ነበርሁ። ስድቡም የመጣው በዚህ ነው። ገለባው በደንብ ሳይወቃ ቀርቶ ኖሮ፣ ሐምሌ ላይ መደቡ ሙሉ ሩዝ በቀለበት። አቶ ባየህ በአጥር ብቅ ብለው «ኩታው ጥለት አወጣ እኮ!» አሉ። ወንድሜ ሩዙን ነቅለው ለላሞቹ ሰጡ።

በዓመቱ ገለባውን ለከብት ትተው፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጓሮ የሚቃጠለውን ቅርፊት በአህያ አስመጡ። ግንዱ እንዳይበሰብስ ከሥሩ ፈቀቅ አድርገው፣ ሁለት ጣት ያህል አነጠፉት። አረሙ ታፍኖ ቀረ፤ መሬቱም በበጋ እርጥበቱን ያዘ። የወይዘሮ ትርሲት ወገብ ቀና። ከይፋግ ድረስ እየመጡ አይተው የሄዱ አሉ። የአቶ ባየህ የጌሾ መደብም ዛሬ ቅርፊት ለብሷል። ጭነው ወስደው ያለበሱላቸው ወንድሜ ራሳቸው ናቸው። እኔ ይቅርባቸው ብዬ ነበር፤ አልሰሙኝም።

አቶ ደስታው ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በወረታና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። እሾህና አረም በማያውቀው ገነት አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ትርሲትም ብርታቱን ይስጥልን።

ይህን ስጽፍ፣ ዛሬ ጠዋት፣ አቶ ባየህ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው «አበረ፣ የሚካኤሉን ነገር እንኳ ተወው፤ ጨዋታ ነበርኮ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያለቅሱ አድረዋል መሰለኝ። የምመልሰው አፌ ድረስ ሞልቶ ነበር። ወንድሜ ቢሆኑስ ብዬ አሰብሁ። ወረቀቴን አጥፌ፣ ምንም ሳልመልስ ተነሥቼ ሄድሁ።