የተዋሳችሁትን የባለቤቴን ስም ስለመመለስ

ለክቡር የጤና ሚኒስትር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በስብሰባ ብዛት ከወንበር የማይነሱት አማካሪዎችዎም ሁሉ ጤናችሁ የተሟላ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ለወጉ ያህል ብቻ አልልም፤ በአሁኑ ጊዜ መታመም ምን ያህል ሩቅ መንገድ እንደሚያስኬድ ስለማውቅ ነው።

እኔ ዕድሜውን በሙሉ ኢኮኖሚክስ ሲያስተምርና ሚኒስቴርዎን ሲያማክር ኖሮ በቅርቡ ያረፈው ሰው ሚስት ነኝ። ሰሞኑን ከጽሕፈት ቤትዎ በደረሰኝ ግብዣ እንደተረዳሁት፣ የየሰፈሩን ጤና ጣቢያ ዘግታችሁ ሕክምናውን ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል የጠቀለላችሁበት ዕቅድ በባለቤቴ ስም ተሰይሟል፤ ስሙም በሆስፒታሉ መግቢያ በእብነ በረድ ተቀርጾ እኔው መጋረጃውን እንድገልጥለት ታስቧል። ለዚህ ክብር የላቀ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ስሙን እንድትመልሱልኝ በትሕትና ለመጠየቅ ይህን ጻፍኩ። በአደባባይ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በፖስታ የሚላክላችሁ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ከባለቤቴ አይቻለሁ። ምክንያቶቼን እሱ ባስለመደኝ መሠረት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ባለቤቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያጠናው አንድ ነገር ነበር፤ ሕክምና ከቤቱ ሲርቅበት ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን። በስተርጅና የደረሰበት መልስም አጭር ነው፤ ይቀራል። ለዚህች አንዲት ቃል ዕድሜ መፍጀቱ ቤታችን ውስጥ ያስቀን ነበር። ሚኒስቴርዎ ግን ሳይስቅ ለምክር ሲጠራው ኖሯልና አመሰግናለሁ። የሚጠራው ሁልጊዜ ውሳኔው ካለቀ በኋላ ስለነበር «መልሱን ሰጥተውኝ ጥያቄውን ፈልግ አሉኝ» እያለ ይገባ ነበር።

2ኛ፤ ልጃችን «የሚኒስቴሩ ሱፍ» የምትለው አንድ ግራጫ ሱፍ ነበረው። የምሁር ልብስ ከክርኑ ያልቃል ሲባል እሰማለሁ፤ የእሱ ያለቀው ከመቀመጫው ነው፣ በእንግዳ መቀበያችሁ ወንበር ላይ። ሱሪውን ደጋግሜ የጣፍኩት እኔ ስለሆንኩ ምስክርነቴ የታመነ ነው። ጸሐፊዎ መልካም ሰው ናቸው፤ «ጋሼ፣ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉት እንኳ ሻይ ሳያቀርቡለት ቀርተው አያውቁም።

3ኛ፤ ተማሪዎቹ «ነገር ግን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር፤ አንድ ነገር ተናግሮ ነገር ግን ሳይል አያልፍማ። ጤና ጣቢያዎቹ ለሙከራ በተዘጉባቸው ሰፈሮች ባደረገው ጥናት «የታማሚዎች ቁጥር ቀንሷል፤ ነገር ግን የቀነሰው በሽታው ሳይሆን ለመታከም የሚመጣው ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። ክቡርነትዎ ይህን ዓረፍተ ነገር በሬዲዮ ሲጠቅሱ ሰማን። የመጀመሪያውን ግማሽ ያለ አንዲት ስሕተት ነው ያነበቡት። በዚያው ሰሞን የተረፉት ጤና ጣቢያዎችም ተዘጉ።

4ኛ፤ ጥናቴ በሙሉ ይነበብልኝ ብሎ ለጻፈው ሁሉ «ለገንቢ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ አግኝቷል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን እንዲህ ባማረ ወረቀት ላይ አትሞ የሚልክ መሥሪያ ቤት ሌላ አላየሁም። በቃህ፣ አትሂድ ብዬዋለሁ። «እኔ ብቀር በእኔ ፋንታ የሚጠሩት ሰው ነገር ግን ማለት አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መጠራትም ደስ ይለው ነበር፤ ስልኩ ሲጮህ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚነሳው። ይህን የምጽፈው ሰውዬውን መልአክ አድርጌ እንዳልሆነ እንዲያውቁልኝ ነው።

5ኛ፤ ዕቅዱ የእሱ ነው ተብሎ ስሙ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ሰፈሩ ዝም አለን። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ አንዷ ጎረቤቴ «እትዬ፣ የእርስዎ ባለቤት ናቸው አሉ ያዘጉብን» አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ ነገሩን አረጋግጣ መቀየም ፈልጋ ነው። ዳቦዬን ሳልገዛ ከሰልፉ ወጣሁ። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ግን ሳይሰማ አልቀረም፤ በጓሮ በር መውጣት ጀመረ። የራሱን ሰፈር እንደ ባለዕዳ ተደብቆ ማቋረጡን ሳይ አንጀቴ ተቃጥሏል። ያኔ ገና ይሰማኝ ነበር።

6ኛ፤ ይህን አሳጥረዋለሁ። አጥር የምንጋራው ጤና ጣቢያ ዛሬ የዕቅዱ ማስፈጸሚያ ቢሮ ነው። ባለቤቴን ደረቱን ሲይዘው በልማድ ሮጬ የዚያን ቤት በር ደበደብኩ። ዘበኛው ብቅ ብሎ «እናቴ፣ ቢሮ እኮ ነው» አለኝና ወዲያው ደንግጦ መኪና ፍለጋ አብሮኝ ሮጠ። ሳይርቅ በቅርቡ የሚል አባባል አለ፤ እኛ ወደ ሩቁ ሄድን። ሆስፒታሉ ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ካርድ ስላላወጣ በታማሚነት አልተመዘገበም። የዘንድሮው ሪፖርታችሁ የታማሚዎች ቁጥር አሁንም ቀንሷል ይላል፤ ባለቤቴም የበኩሉን አስተዋጽኦ እንዳደረገ በትሕትና አስታውሳለሁ።

ሰዎች ተናደድሽ ወይ ይሉኛል። አልተናደድኩም። ለቅሶውም አልመጣልኝም። የተኙበት እጅ ሲደነዝዝ የራስ መሆኑ እንደሚያጠራጥር፣ እኔም ሰውነቴን እንዲሁ ተሸክሜው እዞራለሁ። ሻይ አፈላለሁ፣ ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ በቁጣ የተጻፈ ነው ብለው እንዳያልፉት፣ ያለ ምንም ስሜት የተጻፈ መሆኑን አረጋግጥልዎታለሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ከእሱ ከመቃብር በላይ የቀረኝ ያ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ከዕቅዱም ከሆስፒታሉም ላይ እንዲነሳልኝ እለምናለሁ። እብነ በረዱ እንዳይባክን የወሰነው ሰው ስም ይቀረጽበት፤ እንደማየው ያ ውሳኔ እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም።

ቁጥሮቻችን ዝቅ እንዲሉ እንቅልፍ አጥተው ለሚተጉት ክቡርነትዎ ያለኝን፣ እንደ ታማሚዎቻችን ያልቀነሰ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እየገለጽኩ፣ መልስዎን እንደ ባለቤቴ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሚስት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ መንገዱ ለእኔ ለአሮጊቷ ሩቅ ስለሚሆን ለምረቃው ዕለት መኪና ከነሾፌሩ በማለዳ ደጄ እንደሚቆምልኝ ጸሐፊዎ በስልክ ነግረውኛል። እኔ አልመጣም፤ መኪናው ግን አይቅር። ተዘግቶ ቢሮ በሆነው ጤና ጣቢያ በር ላይ ይቁም። የጎረቤቴ ምራት ወሯ ገብቷል።