ሀሊማዬ፣ ቤታችን ከባንክ እጅ ወጣ

ሀሊማዬ፣

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። አንቺ ከተለየሽን ሦስተኛው የሙቀት ወራት ገባ። የበረሃው ነፋስ ካምሲን ዛሬም ከጧት ጀምሮ አሸዋውን እያነሳ በሩን ይደበድበዋል። አንቺ ብትኖሪ እርጥብ ጨርቅ ከበሩ ሥር ትወትፊ ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ነፋሱ ከገባ በኋላ ነው የሚታወሰኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ከፊተኛው ክፍል ነው፤ ከራሳችን ክፍል። ወሬውን ማቆየት አልቻልኩም፦ የቤቱ ብድር አልቋል። ገና ዓመታት ይቀሩት ነበር፤ ቀድመን ዘጋነው። የቤቱ ሰነድ ከባንኩ ወጥቶ አሁን ቁም ሳጥናችን ውስጥ፣ ከሻርፖችሽ አጠገብ ተቀምጧል።

ደስ ብሎኛል። ግን እንዲህ ያለውን ወሬ የማሰማው ለአንቺ ነበር። ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉኝ አመሰግናለሁ፤ ልቤ ግን ያንቺን «እውነትህን ነው?» ይጠብቃል።

ካርቲየ 2 ሰፈር የነበረችው የኪራይ ክፍላችን ትዝ ትለኛለች። ቆርቆሮው ሲግል አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይሆን ነበር። ብድሩን ልንወስድ ስንል ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። «ወለድ ያለበት ጣሪያ ጥላው አይቀዘቅዝም» አልሽ። እኔ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፣ ከደመወዜ በቀር የማስይዘው የለኝም፣ በኪራይ ቤት ማርጀታችን ነው እያልኩ ለመንኩሽ። በመጨረሻ እሺ ያልሽው ልጃችን ሰሚራ በሙቀት ሽፍታ ገላዋ ቆስሎ እያለቀሰች ባደረች ሰሞን ነው። እሺታሽም በውል ነበር፦ «ቶሎ እንወጣበታለን። ባንኩ የሰጠንን ጊዜ አንጠብቅም። እጄ የገባ ትርፍ ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል።»

ቃልሽን ጠበቅሽ። ወደ ፔካ 12 የጭነት መኪና ማቆሚያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ በሚያልፉበት ሰፈር ቤታችን ገባን። አንቺ ግን በየቀኑ ወደ ካርቲየ 2 እየተመለስሽ መደብሽ ላይ ጨርቅ ትሸጪ ነበር። የኔ ደመወዝ ለወር ክፍያው፣ ያንቺ ትርፍ ደግሞ ባንኩን ቀድሞ ለመዝጋት ይቀመጥ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ሆነሽ ለሰርግ አሮጌ ቀሚስሽን አጥበሽ ስትሄጂ፣ ሴቶቹ ይስቁብሽ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂ ነበር። «የኔ ቀሚስ ግድግዳ ላይ ነው ያለው፣ ጨርሼ ስሰፋው ታዩታላችሁ» ትያቸው ነበር።

ከዚያ ኩላሊትሽ ታመመ። ያስቀመጥነው ሁሉ ለሕክምና ወጣ፤ አልበቃም። ከባለሱቁ በዱቤ፣ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በብድር የቤቱን ወጪ ሸፈንን። አንድ ቀን ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆነሽ «ቤቱን በላሁት፣ ጀማል» አልሽኝ።

«የምን ቤት? ቤቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አልኩሽ።

እጄን ይዘሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ያቺን ቀን ስንት ጊዜ እንደማስባት! ሌላ ብዙ ነገር ልነግርሽ እፈልግ ነበር። ነርሷ ገባች፣ ሙቀትሽን ለካች፣ ወሬው በዚያው ተቋረጠ።

በቀብርሽ ዕለት ኢማሙ እንደ ደንቡ ጠየቁ፦ «በሟቿ ላይ ዕዳ ወይም ሌላ መብት ያለው አለ? ያለው ይቅር ይበል፤ አለዚያ ከቤተሰቧ ይጠይቅ።» እኔ ከአፈሩ ዳር ቆሜ «የእሷ ዕዳ በሙሉ በእኔ ላይ ነው» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ኢማሙ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ሰምተናል» አሉ።

በለቅሶው ቤት ኸድራ መጣች፤ ያቺ ጨርቁን በዱቤ ታስረክብሽ የነበረችው አከፋፋይሽ። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣ በዚያ ሶማልኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ወሪያ ጀማል! ሀሊማ እኔ ጋ የቀረባት የጨርቅ ሒሳብ አለ። አውፍ ብያለሁ፣ ትቼዋለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ይመስክር።»

«አይሆንም ኸድራ፣ እከፍላለሁ» አልኳት።

ተቆጣች። «ከአላህ የማገኘውን አጅር ልትነጥቀኝ ነው? መቼ ነው ሀብታም የሆንከው?»

«ሀብታም ሆኜ አይደለም። አንቺም ታውቂያታለሽ፤ የሰው ገንዘብ ይዛ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።»

ይህን ስላት ኸድራ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ወደ ሰሚራ ዞረች። «እንግዲያው የእናትሽ መደብ አይዘጋም። ጨርቁን እኔ አስረክብሻለሁ፣ አንቺ ትሸጫለሽ። ከትርፉ ትከፍዪኛለሽ። አባትሽም ደስ ይበለው፣ እኔም ጓደኛዬን አልጣ» አለች። ሰሚራ ጧት ጧት ከምትሠራበት ፋርማሲ እየወጣች ከሰዓት በኋላ መደብሽ ላይ መቀመጥ የጀመረችው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጨርቅ መለካት እንኳ አታውቅም ነበር። ዛሬ ጨርቁን በክንዷ ስትዘረጋ ከሩቅ ያየ ሰው አንቺ ነሽ ይላል። እኔም ብያለሁ።

ግን ሀሊማዬ፣ ኑሮው አልገፋም አለ። የወሩ ክፍያ ከደመወዜ ተቆርጦ የሚተርፈው ለምግብና ለመብራት አይበቃም ነበር። ስለዚህ ቤቱን ልሸጥ ወሰንኩ። ሸጬ ሁሉንም ዕዳ ዘግቼ ወደ ኪራይ ልንመለስ። ባልና ሚስት ሊያዩት መጡ፤ ደህና ሰዎች ነበሩ። ሴትየዋ ወጥ ቤት ገብታ አንቺ ግንበኛውን ተከራክረሽ ያስከፈትሽውን መስኮት አየችና ለባሏ «ይሄን እንደፍነዋለን፣ አቧራ ያስገባል» አለችው።

ሰሚራ እኔን ሳትጠይቅ ወደ ፊት ወጣች። በዚያ በጨዋ ፈረንሳይኛዋ «ይቅርታ፣ ሐሳባችንን ቀይረናል» ብላ እስከ ውጭ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ተመልሳ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባ፣ እማ ያልለበሰችው ቀሚስ ሁሉ እዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው። አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«የፊቱን ሁለቱን ክፍሎች እናከራይ። እኛ ከጓሮ እንገባለን።»

አከራየን። ወጣት ባልና ሚስት ገቡ፤ እሱ ወደብ ላይ ይሠራል። እኔና ልጅሽ ዕቃ ታስቀምጪባት በነበረችው የጓሮ ክፍል፣ መሐል ላይ መጋረጃ ጋርደን ኖርን። በሙቀቱ ወራት ደጅ አጎበር ዘርግቼ አድር ነበር። ከፊተኛው ክፍል የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማኛል፤ ከእኛ ክፍል። የምቀናው በቅዝቃዜው አልነበረም። አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል ሌላ ሰው መተኛቱን ነው ያልቻልኩት።

ከሥራ መልስ ፔካ 12 እየሄድኩ ለሾፌሮች የዕቃ ወረቀት እጽፍ ጀመር። ገንዘቡ ትንሽ በትንሽ ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለው አስጨነቀኝ። ባንኩ ወለድ አለው፣ ቶሎ ብከፍለው ይሻላል ብዬ ነበር። ያኔ ድሮ የነገርሽኝ መጣልኝ፦ «ባንክ ሳያፍር ይጠይቃል፤ ጎረቤት ግን አፍሮ ዝም ይላል። ዝም ያለውን አስቀድም።» ስለዚህ ለባንኩ የወሩን ብቻ እየሰጠሁ ዝም ላሉት ከፈልኩ። በመጀመሪያ ለባለሱቁ፤ እሱም ሰው ነው፣ ሻይ ቅጠል ጨምሮ መረቀልኝ። ቀጥሎ ለጓደኞቼ። ሰሚራም የኸድራን ጨረሰች። ኸድራ ገንዘቡን ተቀብላ ሳመችው፣ ከዚያ ግማሹን ባንቺ ስም ለድሆች ሰጠች። ቢያንስ በዚህ እንዳላሸነፍኳት ነግራኛለች።

ከዚያ በኋላ የኪራዩም፣ የመደቡም፣ የፔካ 12ም ገንዘብ በሙሉ ወደ ባንኩ ዞረ። በመጨረሻ ሰሚራ ሒሳቡን ሠርታ «አባ፣ አሁን መዝጋት እንችላለን» አለችኝ። ባንኩ ውስጥ ያለችው ልጅ በትሕትና «ቀድመው ሲዘጉ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ያውቃሉ?» አለችኝ። አንቺ ብትሰሚ ኖሮ እዚያው ወንበሩ ላይ ስቀሽ ትሞቺ ነበር፤ ገንዘባቸውን ቀድመን ስንመልስላቸው የሚቀጡን! ቢሆንም ከሚቀረው ወለድ ያንስ ነበርና ከፈልኩት። ልጅቷ ፊርማዬን ተቀብላ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ነፃ ነዎት» አለችኝ።

ወጣሁ። ፀሐዩ አናቴን መታኝ። እግሬ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ካርቲየ 2 ወሰደኝ። መደብሽ ጋ ስደርስ ሰሚራ ደንበኛ ይዛለች፣ ኸድራ ከጎኗ ተቀምጣለች። ላብ በላብ ሆኜ ቆምኩ።

ኸድራ ፊቴን አየችና «አለቀ?» አለች።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። የማያውቁን ሴቶች ሁሉ ከየመደባቸው ተቀበሏት። «ሰርግ ነው?» ይላሉ። «የሀሊማ ነው፣ የሀሊማ!» ትላለች ኸድራ። ሰሚራ የያዘችውን ጨርቅ ጥላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ አላፈርኩም።

ተከራዮቹ ባለፈው ሳምንት ወጡ። ሴት ልጅ ወልደው ነበር፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ሚስትየዋ አራስ የሆነችው። ሲወጡ እናትየው «በዚህ ቤት ደስ ብሎን ኖርን» አለችኝ፤ ያንቺን ድካም ያመሰገነች መሰለኝ። አልጋችንን ወደ ቦታው መለስነው። የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላ በኔ በኩል ጋደም አልኩ፤ ባንቺ በኩል ያለውን ግን አልነካሁትም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ የማንም ዕዳ የለበትም። እንደዚያ ስንለፋለት የነበረው ጸጥታ ይሄ ነው? እያልኩ አሰብኩ። አብረን ልንገባበት ነበር እኮ፣ ሀሊማዬ። ድምፅሽ የሌለበትን ነፃነት ምን ላድርገው?

ሰሚራ አይታኝ ነው መሰለኝ የባቡር ቲኬት ቆርጣ መጣች። ሐሙስ ወደ ድሬዳዋ እንሄዳለን፣ ወደ እናትሽ። እናትሽ አርጅተዋል፣ የትናንቱን ከዛሬው ያቀላቅላሉ። መሞትሽን የሚያውቁበት ቀን አለ፤ አልቅሰው ዱዓ ያደርጉልሻል። የሚረሱበትም ቀን አለ። ያን ቀን ስደውልላቸው «ሀሊማ የቤቷን ዕዳ ጨረሰች ወይ?» ይሉኛል። እኔም እንደ ሌባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ገና ነው እማዬ፣ እየከፈለች ነው» እላቸው ነበር።

ሐሙስ ከአጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንቺን የሚያስታውሱበት ቀን ከሆነ አብረን እናለቅሳለን። የሚረሱበት ቀን ሆኖ ያንኑ ከጠየቁኝ ደግሞ እጃቸውን ስሜ «ጨርሳለች እማዬ፤ አሁን አርፋለች» እላቸዋለሁ። ውሸት አይሆንብኝም። እሳቸው ነገ ቢረሱት እንደገና እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያም እንደገና። እኔ ግን የምረሳበት ቀን የለኝም፣ ሀሊማዬ፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

ያንቺው ጀማል